ቅጂውን ያመጣ ዋናውን ይወስዳል

ለተከበሩ የኮምፒውተር ማስረጃ ምርመራ ክፍል ኃላፊ፦

ጌታዬ፣ ከነቤተሰብዎ፣ ከነሠራተኞችዎና ከነማሽኖችዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ አለሁ ከማለት በቀር ስለ ጤናዬ የምለው የለኝም። ትምህርቴ ትንሽ ስለሆነ የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፤ ስህተት ቢያገኙ በትዕግሥትዎ ይለፉኝ።

ልጄ በተከራየችው ክፍል የጋዝ ማሞቂያ ጭስ አፍኗት በሞተች ጊዜ መርማሪዎችዎ ኮምፒውተሯን ወሰዱ። በሞቷ የሰው እጅ እንደሌለበት ተረጋግጦ መዝገቡ ሲዘጋ፣ አቧራውን ጠርጋችሁ ስለመለሳችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

፩. ባለሙያዎ እያንዳንዱ ፋይል እንደ ጣት አሻራ ያለ የራሱ ቁጥር እንደሚወጣለት፣ ቁጥሩ በታወቁ ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ከተገኘ እንደሚመለስ፣ ካልተገኘ ግን ምን እንደያዘ ስለማይታወቅ አይታመንም ተብሎ እንደሚቀር በትሕትና አስረዳኝ። ስለዚህ የሒሳብ ማስያው፣ የቀን መቁጠሪያውና የካርታ ጨዋታው ምንም ሳይጎድሉ ደርሰውኛል። በየሰው ቤት ያለውን ሁሉ መልሳችሁ፣ የእሷ ብቻ የነበረውን አስቀራችሁ፤ ዓይኗ ለደከመ አያቷ መጽሐፍ እያነበበች የቀዳችውን ድምፅ ማለቴ ነው።

፪. የቀረውን ለማስለቀቅ ቅጂውን ማቅረብ ብቻ እንደሚበቃ ስለነገራችሁኝ አመሰግናለሁ። ቅጂው ቢኖረኝ ደጃችሁን ባልጠናሁ ነበር።

፫. ደግነቱ ልጄ አንዱን ምዕራፍ በስልክ ልካልኝ ስለነበር እሱን ይዤ መጣሁ። ባለሙያዎ ሁለቱንም ከፍቶ አሰማኝ፤ ያው ድምፅ፣ ያው ሳል፣ መሐል ላይ ያው «አያቴ፣ ተኛሽ እንዴ? ለማን ነው የማነበው ታዲያ?» የሚል ሹፈቷ። ይሁንና ስልክ ሲልክ ፋይሉን ስለሚያሳንሰው ቁጥሩ ሳይገጥም ቀረ፤ ባለሙያውም «እማማ፣ ጆሮ ማስረጃ አይሆንም» አለኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ልጄን በድምጿ የማውቃት ይመስለኝ ነበር፤ ስላረማችሁኝ አመሰግናለሁ።

፬. ማስቀመጫችሁ ስለጠበበ ያልታወቁት ፋይሎች በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚሰረዙ ሰምቻለሁ። የልጄ ንባብ መሥሪያ ቤቱን ይህን ያህል ማጣበቡን ቀደም ብዬ ባውቅ ኖሮ ይቅርታ እጠይቅ ነበር።

ዝርዝርዎ ይርዘም፣ ቁጥሮችዎም ሁሉ ይግጠሙ እያልኩ፣ ከወንበርዎ ፊት ለፊት ቆሜ በአክብሮት እጅ እነሣለሁ።

በዝርዝርዎ ያልተገኘችው ልጅ እናት

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ መሰረዙ የማይቀር ከሆነ፣ ቁልፉን የሚጫነው ሠራተኛ እናት ካለችው በዚያው ቀን ደውሎ ያናግራት። ምን ስትሠራ ዋልክ ብትለው ግን አይንገራት።