የወርቁ መጽሐፍና ማተብህ

ልጄ ቢሻው፣ የረገጥኸው ይለምልም፣ ክፉ አይንካህ። እዚህ ቆሰበር ዝናቡ አላባራም፤ ድንቹ ማሳው ላይ በሰበሰ። እኔን ያቃጠለኝ ግን ደብዳቤህ ነው።

የንስሐ አባታችን ለማኅበርተኛው ሁሉ አነበቡት። አሜሪካ ያሉት ጎረቤቶችህ፣ ሞርሞን የሚባሉት፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ሌላ መጽሐፍ ጨምረው ያነባሉ አልህ። መልአክ ላንድ ወጣት አሳይቶት፣ በወርቅ ላይ የተጻፈውን ከኮረብታ ቆፍሮ አውጥቶ ተረጎመው፤ ወርቁን መልአኩ መልሶ ወሰደው ይላሉ። «ታዲያ ማን አየው?» ብለህ ሳቅህ።

እኔስ ታቦቱን መቼ አየሁት? ተሸፍኖ ሲያልፍ እሰግዳለሁ እንጂ! «ነገ በኛም ይስቃል» አሉኝ ማኅበርተኞቹ።

መጽሐፋቸውን አትቀበል፤ በሰው እምነት ግን አትሳቅ። አምላክ በሰላም ይመልስህ። እባክህ ይህን ብቻ ጻፍልኝ፤ ስትሄድ ያሰርሁልህ ማተብ አንገትህ ላይ አለ?

እናትህ ደጊቱ