ድንጋይ ያልነው

ቅዳሜ፣ መጋቢት 14፣ 88 ዓ.ም.፣ ማታ
እግሬ አልታዘዝ ብሎኛል። ከመካኒሳ ላፍቶ በታክሲ፣ ከዚያ እስከ ፉሪ በእግር። ጥቁሩን አፈር ቆፍረን ቆፍረን ዛሬ ድንጋይ ተገኘ። ግንበኛው አቶ ሽፈራው በዲጅኖ መታ መታ አድርገው ድምፁን ሰሙና አለት ነው፣ መሠረቱ እዚሁ ይቀመጣል አሉ። ባሌ መላኩ ጥርሱን መክደን አቃተው። ጾም ባይሆን በግ ይታረድ ነበር፤ በቆሎና በለስላሳ ተደሰትን። ሁለት ክፍል። አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለእማዬ። እማዬ በየዘመዱ ቤት መዞር ሰልችቷታል።

ለአንተ ብቻ ልንገርህ፣ ማስታወሻዬ፦ ድንጋዩን አላመንኩትም። ክብ ክብ ነው፣ ዳሩ ቢጫ፣ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ለሰባተኛ ክፍል የማስተምረው ይሄንኑ ነው። ውሃ በስንጥቁ ይገባል፣ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል፣ አለቱ ቀስ በቀስ አፈር ይሆናል። ግን ለክርክር አቅም የለኝም።

ሰኞ፣ መጋቢት 16
ጉሮሮዬ በጠመኔ ደርቋል። አንዲት ተማሪ አለት አፈር እስኪሆን ምን ያህል ይፈጃል ብላ ጠየቀች። ከቅድመ አያትሽ ዘመን ይበልጣል አልኳት። የእኛው ጨርሶ የጠበቀን ይመስለኛል።
ከጉድጓዱ ያመጣሁትን ቁራጭ ሳፋ ውስጥ ነከርኩት። አልጋ ሥር ገፋሁት፣ መላኩ እንዳያይ።

ማክሰኞ፣ ጠዋት
ጭቃ። በእጄ ጨበጥኩት፣ በጣቶቼ መሐል ወጣ።
ካልነገርኩት ግድግዳው በመጀመሪያው ክረምት ይሰነጠቃል። ከነገርኩት ጠልቆ መቆፈር ነው። ያኔ ለግድግዳ የተገዛውን ድንጋይ መሠረቱ ይበላዋል፤ የሚተርፈው ለአንድ ክፍል። የእማዬ ክፍል ቀረ ማለት ነው። ማታ እነግረዋለሁ።

ማታ
አልነገርኩትም። እማዬ ሰው ልካ ቤቱ መቼ ነው ብላለች። መላኩ፣ ለክረምት ይገባሉ በላቸው ብሎ መልሶ ላከ። እንዴት አድርጌ ልናገር?

ዓርብ፣ መጋቢት 20
መላኩ ሰሞኑን እያመሸ ነው። የመ/ቤት ስብሰባ ይላል። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ቢጫ አፈር። ጠየቅሁት፤ ታክሲ ውስጥ ነው አለ። ደክሞታል ብዬ የእኔን ነገር ለነገ አሳደርኩት። ሁለታችንም ሳንበላ ተኛን።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 21
ስነቃ የለም። ዶማውም የለም። ፉሪ ሄድኩ። ጉድጓዱ ውስጥ ደረቱ ድረስ ገብቶ ይቆፍራል። ቀድሞ ያወጣው ድንጋይ ዳር ላይ ዝናብ መትቶት አፈር ሆኗል።
ማክሰኞ ጠዋት፣ እኔ ት/ቤት ከሄድኩ በኋላ፣ ጫማውን ሲፈልግ ሳፋውን ከነጭቃው አይቶታል። ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ መልስ እዚህ ነበር። ተናደድኩ፣ አሳዘነኝ፣ የዛሬን ያህል ወድጄው አላውቅም።
"ደክሞሻል ብዬ ነው ያልነገርኩሽ" አለኝ።
እኔም ለእሱ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ዲጅኖውን ሰጠኝና ምቺው አለ። መታሁ። እጄን እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ። ይሄ እንኳ ድንጋይ ነው።
ስለ እማዬ አፌን ሳልከፍት ቀደመኝ።
"አንድ ክፍልም ቢሆን እናትሽ ይገባሉ። መጋረጃ እንሰቅላለን።"

እስኪመሽ አብረን ቆፈርን። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እማዬ ዘንድ እሄዳለሁ፤ የመጋረጃውን ነገር ከእኔ ትስማ። ለሰኞ ሁለተኛ አካፋ ተውሻለሁ። መዳፌ ውሃ ቋጥሯል፣ እስክሪብቶ መያዝ አልቻ