አባትህን ያስቆሙት ቀን

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህስ? እኛ ደህና ነን። መቼም ጋሽ ራዲዮ ከኔ ቀድሞ ሳይደውልልህ አይቀርም፤ ጎረቤታችን ወሬ ይዞ ማደር እንደማይሆንለት ታውቃለህ። አባትህ በአራት ፖሊሶች ተደብድቦ ሆስፒታል ተኛ ብሎህ ከሆነ አትመነው። ፖሊሶቹ ሁለት ነበሩ፤ አባትህም የተኛው የገዛ አልጋው ላይ ነው። ስለዚህ ተረጋግተህ ቁጭ በልና ከእናትህ ስማው።

አባትህ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፀጉር ቤቱን ዘግቶ ላይ ሰፈር ይሄዳል። አልጋ ላይ የዋሉ አንድ አዛውንት ደንበኛ አሉት፤ ጢማቸውን የሚላጫቸው እሱ ነው። ያን ቀንም ምላጩን፣ መቀሱንና ፎጣውን በጥቁሩ ቦርሳ ይዞ፣ ከአውቶቡስ ወርዶ መንገድ ሲሻገር አስቆሙት። አብሮት የወረደው ሰው ብዙ ነበር፤ የቆመው ግን እሱ ብቻ ነው። የኛን የታች ሰፈርን ሰው ለመለየት መልኩ ይበቃቸዋል። አፉን ሲከፍት ደግሞ አነጋገራችን ይጨመርበታል።

«አንተ፣ ቦርሳውን ክፈት» አለው አንደኛው። በዕድሜ አንተን ቢያክል ነው ይላል አባትህ።

ከፈተለት።

«ይሄ ሁሉ ስለት ምን ያደርግልሃል?»

«ፀጉር አስተካካይ ነኝ።»

«እዚህ ማን ጋ ነው የምትሄደው?»

የአዛውንቱን ቤት በጣቱ አሳየው። በሩ ከቆሙበት ይታያል፤ ሄደው ማንኳኳት ይችሉ ነበር። እነሱ ግን «ወደ ግድግዳው ዙርና እጅህን ወደ ላይ አንሳ» አሉት።

ቀኝ ክንዱ ከትከሻው በላይ እንደማይነሳ ታውቃለህ። በወጣትነቱ፣ የኛ ሰው ላይ ሰፈር ሱቅ መክፈት ይፈቀድለት ተብሎ ሰልፍ የተወጣ ጊዜ፣ የፖሊስ ዱላ የሰበረው ክንድ ነው። ለመቀስ የሚበቃውን ያህል ይነሳል፤ ለፖሊስ ግን አይበቃም። ግራውን አነሳ፣ ቀኙ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። እምቢ ያለ መሰላቸውና ክንዱን ወደ ኋላ ጠምዝዘው በካቴና አሰሩት። ሰው ሁሉ እያየ መኪና ላይ ጫኑት።

ጋሽ ራዲዮ በዚያ ሲያልፍ በአውቶቡስ መስኮት አይቶ ኖሮ፣ በሩጫ እኔ የምሠራበት ሆስፒታል መጣ። እኔ ልብስ ማጠቢያው ክፍል አንሶላ እያወጣሁ ነበር። እንፋሎቱ ውስጥ ሲገባ መነጽሩ ጉም ለበሰና ማንን እንደሚያናግር ሳያይ አለቃዬን «ባልሽን ወሰዱት» አላት። የሷ ባል ከሞተ ስንት ጊዜው። «ደግሞ አሁን ወዴት?» አለችው። ዛሬ ባሰብኩት ቁጥር እስቃለሁ፤ ያኔ ግን አንሶላውን እዚያው ጣልኩት።

እንደለበስኩት ወጣሁ፤ በጎማ ቦት ጫማ፣ በእርጥብ ሽርጥ። ፖሊስ ጣቢያው ስደርስ ተረኛው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «ነገ ተመለሺ» አለኝ።

«ነገ ሥራ አለኝ» አልኩት። «ባሌን ዛሬ ይዤው ነው የምሄደው።»

አባትህ ከኮሪደሩ ጫፍ አግዳሚ ላይ፣ ክንዱን ታቅፎ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል። ያን ሳይ አንድ ነገር አፌ ላይ መጣ። ልጃችን እኮ የናንተው ባልደረባ ነው፣ ደውላችሁ ጠይቁ ልላቸው ነበር። «ልጃችን» ብዬ ስጀምር አባትህ ከወዲያ «እንዳትናገሪ» አለኝ። አልጮኸም፤ ግን አፌን አስያዘኝ።

ተጠግቼ «ለምን?» አልኩት።

«ልጄ ፖሊስ ስለሆነ ከለቀቁኝ፣ ልጁ ፖሊስ ያልሆነው ጎረቤቴ በማን ሊለቀቅ ነው?» አለኝ።

«ልጄ» ማለቱን ልብ በልልኝ። አንተ ማሠልጠኛ ከገባህ ወዲህ ይህችን ቃል ከአፉ ሰምቻት አላውቅም።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ቆሜ ነው የጠበቅሁት፤ ከተቀመጥኩ የሚረሱኝ መሰለኝ። ቆይቶ በመስኮት ሳይ የጣቢያው ደረጃ በሰው ሞልቷል። ከሥራ የወጡት የልብስ ማጠቢያ ሴቶች፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ጫማ ሰፊው፣ የአባትህ ደንበኞች፣ የማላውቃቸውም። ጋሽ ራዲዮ በዚያ ቀን ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ጎረምሶቹ ሲንቆራጠጡ ሳይ ወጣሁና «ከናንተ የሚጠብቁት ድንጋይ ነው፤ አትስጧቸው» አልኳቸው። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆሙ። አንድም ሰው አልጮኸም። ያ ሁሉ ሕዝብ ዝም ብሎ ሲያይ እንዴት እንደሚከብድ ብታይ።

የጣቢያው ኮማንደርም በመስኮቱ አየና ከቢሮው ወጣ። «አለመግባባት ነው፤ በል ወደ ቤትህ ሂድ» አለው አባትህን።

አባትህ አልተነሳም። «ሲያመጡኝ በሰው ፊት ነው። ጥፋቴን ለሰው ይንገሩልኝ» አለ።

«አላጠፋህም አልኩህ እኮ።»

«ለኔ ምን ይነግሩኛል? እኔማ አውቀዋለሁ።»

ያ ሰው «አንተ» እያለው እሱ «እርስዎ» ነው የሚለው። ኮማንደሩ ወደኔ ዞሮ «እስቲ አንቺ አስረጂው» አለኝ። «ምን ላስረዳው? የገባው እሱ ነው» አልኩት። ደፋር ሆኜ እንዳይመስልህ፤ ይህን ስል ያየሁት ኮማንደሩን ሳይሆን አባትህን ነው።

ኮማንደሩ መስኮቱን አየ፣ ከዚያ በሩን ከፍቶ ወጣ። አባትህ ተነስቶ ተከተለው፤ እኔም። ደረጃው ላይ ቆሞ «እኚህ ሰው ምንም ጥፋት የለባቸውም። በስህተት ነው የመጡት። ይቅርታ እንጠይቃለን» አለ።

እኚህ ሰው አለ፣ ልጄ። አያትህ ዕድሜ ልኩን ላይ ሰፈር ወንበር ተሸክሞ ከቤት ቤት እየዞረ ጢማቸውን ላጭቷል። ሱቅ መክፈት ክልክል ነበር፣ የጠጣበትን ብርጭቆ ከሱ በኋላ የሚነካው አልነበረም። ዘጠና ዓመት ሊሞላው ሲል ሲሞት እንኳን ለነሱ «ያ ላጪው» ነበር። ኮማንደሩ «እኚህ» ሲል ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት አያትህን ነው።

ሐኪሙ የትከሻው ጅማት ተጎድቷል ብሎ ክንዱን በአንገቱ አንጠለጠለለት። በማግስቱ ቦርሳውን እኔ ተሸክሜ አዛውንቱ ቤት ሄድን። «ትናንት የት ጠፋህ?» አሉት። «መንገድ ላይ ሰዎች ይዘውኝ ነው» አለና በግራ እጁ መላጨት ጀመረ። ረጅም ጊዜ ወሰደበት፤ ግን አንዲት ጭረት አላደረሰባቸውም።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሽህም። ፖሊሶቹ ዛሬም አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ናቸው። የተለወጠው የኛ ሰው ነው። አንድ ሰው ሲያስቆሙ በዚያ የሚያልፍ የሰፈራችን ሰው ሁሉ አብሮ ይቆማል። አይሳደብም፣ አይጠጋም፤ ቆሞ ያያል። ፍተሻው እንዴት እንዳጠረ አትጠይቀኝ። አቤቱታም አስገብተናል፤ መርማሪ መጥቶ የኔንም የአባትህንም ቃል ተቀብሏል። ይህን ነገር እንረታለን፤ ይህን የምለው ደስ እንዲልህ ብዬ አይደለም። እነዚያን ሰዎች ደረጃው ላይ ስላየኋቸው ነው።

አሁን ስላንተ። ባለፈው በስልክ ባልደረቦችህ ስለኛ ሰፈር ሰው ሲያወሩ «አንተ እኮ እንደነሱ አይደለህም» እንደሚሉህ ነግረኸኝ ስቀህ ነበር። ሳቅህ የደስታ አልነበረም፤ እናት አትታለልም። ሥራህን ተው አልልህም፤ ወደህ የገባህበት ነው፣ እኔም ያኔ አልከለከልኩህም። ግን አንድ ሰው አቁመህ ቤቱን በጣቱ ካሳየህ ሄደህ አንኳኳ። ክንዱ ካልተነሳለት ምን ሆነህ ነው ብለህ ጠይቀው። ደግሞ እንደነሱ አይደለህም ሲሉህ «ነኝ» በላቸው። ይቀየሙህ እንደሆን ይቀየሙህ፤ እኛ አለንልህ።

አባትህ እንዲጽፍልህ ብለምነው ክንዴን ያመኛል አለኝ። ምላጭና መቀስ በቀኙ ቢይዝም የሚጽፈው በግራው መሆኑን የረሳሁ መስሎት ነው። ትናንት እራት ላይ ግን ማንም ሳያነሳው «እዚያ ፀጉሩን ማን ነው የሚቆርጥለት?» አለኝ።

የማንን እንደሆነ እንዳልገባኝ ሆኜ «የማንን?» አልኩት።

ዳቦውን እየቆረሰ፣ ሳያየኝ፣ «አናቱ ላይ ያለው ፀጉር ወደ ግራ ነው የሚዞረው» አለ። «ያላወቀበት ሰው ካሳጠረው ቆሞ ይቀራል፤ ቆቡም አይቀመጥለትም።»

እንግዲህ ለዚህ የምትመልሰውን ለኔ ሳይሆን ለሱ ጻፍለት።

በወጣህበት መንገድ ሁሉ ፈጣሪ ይቅደምልህ። ክፉ ሰው አይግጠምህ፤ አንተም ለማንም ክፉ ሰው አትሁን። ያስቆምከው ሰው በሰላም ቤቱ ይግባ፣ አንተም በሰላም ግባልኝ።

የምትናፍቅህ
እናትህ