የእትዬ ጥሩዬ ሙሾ

ደብረ ማርቆስ፣ እሑድ ጥር 18

ዛሬ በጓደኛዬ በአማኑኤል ሠርግ ላይ የኔ ዜማ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ተዘፈነ። ዜማ ደራሲ እሆናለሁ ብዬ ስመኘው የኖርኩት ቀን ነበር። ሰው ሁሉ እስክስታ ሲወርድ እኔ ግን የማየው ጎረቤታችንን እትዬ ጥሩዬን ብቻ ነው። ዜማው የእሳቸው ነው። አምና ልጃቸው ብርቱካን ስትሞት ያወረዱትን ሙሾ ምቱን አፍጥኜ፣ የሠርግ ግጥም አልብሼ የኔ አልኩት። አላስፈቀድኳቸውም።

ዘፈኑ ሲያልቅ ወደ እኔ መጡ። አንገቴን ደፋሁ።

«ይኼን ዜማ አንተ ነህ አሉ የደረስከው?»

«አዎ» አልኩ። ምላሴ ቀደመኝ።

ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ለብርቱካኔ ያለቀስኩትን ይመስላል። ሳልድራት ነው የሄደችብኝ። ዛሬ የዳርኳት ያህል ሆነልኝ። እግዜር ከፍ ያድርግህ፣ ልጄ።»

አሜን ማለት አቃተኝ።

ቤት ስገባ አንድ የባሕር ዳር ዘፋኝ ሠርጉ ላይ በስልክ የተቀረጸውን ሰምቶ መልእክት ልኮልኝ አገኘሁ። ዜማውን አልበሙ ውስጥ ሊያስገባው ነው። «የዜማ ደራሲውን ስም ከነአባት ላክልኝ» ይላል። ስሜን ጻፍኩና አጠፋሁት። የእሳቸውን ልጽፍ ብል፣ የአባታቸውን ስም እንኳ አላውቀውም።