የአብዱ ሄሊኮፕተር ካምቢዮ

ማክሰኞ

ሄሊኮፕተሩ ለበረራ ብቁ ነው ብዬ አልፈርምም አልኩ። በቃ።

የጥገና ኃላፊያችን አቶ ግርማ ሰው ሁሉ እየሰማ «ኮምፒውተር ላይ መስመር አይተሽ ሄሊኮፕተር ታቆሚያለሽ?» ብሎ ጮኸብኝ። አዎ፣ አቆማለሁ። ሥራዬ የሞተሩን ኃይል ወደ ላይኛው ተሽከርካሪ ክንፍ የሚያስተላልፈው ካምቢዮ ላይ የተገጠሙት ሴንሰሮች የሚልኩትን ንዝረት ማንበብ ነው። ጤነኛ ማርሽ ሲዞር ንዝረቱ እኩል ነው። ይሄኛው በዞረ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ይመታል፤ ምቱም በየበረራው እየባሰ ነው። አንድ ጥርስ ተጎድቷል ባይ ነኝ።

«ዘይቱ ንጹህ ነው፣ የብረት ብናኝ የሚይዘው ማግኔት ላይም ምንም የለም። የተበላሸው ሴንሰርሽ ነው» አለኝ። ሊሆን ይችላል። ነገ እቀይረዋለሁ።

የባሰው ነገር፣ አብራሪው ወንድሜ አብዱ ነው። ቅዳሜ ሐኪሞች ይዞ ገጠር ሊበር ነበር።

ረቡዕ

ሴንሰሩን ቀየርኩ። ሞተሩን አስነስተን መሬት ላይ ለካን። ያው ምት።

አየር ጤና ከታክሲ ወርጄ በእግሬ ቤት ስገባ አብዱ ግቢው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። «መሳቂያ አደረግሽኝ! እህቱ ፈርታ ከለከለችው እያሉ ነው» አለ። ለማንም አብራሪ ቢሆን እንደማልፈርም ነገርኩት።

«ቅናት ነው» አለኝ።

አብራሪ መሆን ፈልጌ በዓይኔ ምክንያት እንደወደቅኩ ያውቃል። እያወቀ ነው የተናገረው። ራት አልበላሁም። እሱም አልበላም፤ እማ ሁለታችንንም ተቆጣች።

ሐሙስ

አቶ ግርማ በእኔ ቦታ የሚፈርም ሲፈልግ ዋለ። አላገኘም። በመጨረሻ «እሺ፣ ይከፈት። ምንም ካልተገኘ ግን ከዚህ ክፍል ትወጫለሽ» አለ። ሐኪሞቹ በመኪና እንዲሄዱ ተነገራቸው።

እዚህ ላይ ብቻ ልጻፈው፦ ፈርቻለሁ። ብሳሳትስ?

እማ «ወንድምሽን ይቅርታ ጠይቂው» ትላለች። ምን አጥፍቼ?

ዓርብ

ተከፈተ። ትልቁን ማርሽ የሚያዞረው ትንሹ ማርሽ ላይ አንዱ ጥርስ ከሥሩ ተሰንጥቋል። ገና ስላልረገፈ ነው ዘይቱ ውስጥ ብረት ያልታየው። አቶ ግርማ በባትሪ አየው። አጠፋና እንደገና አብርቶ አየው። «ይቀየር» ብሎኝ ሄደ። ሰውየው ያናድደኛል።

ከሰዓት አብዱ መጣ። ማርሹን ሰጠሁት። ስንጥቁን በጥፍሩ ሲዳስስ ጥፍሩ ያዘበት። ቀስ ብሎ ማርሹን አስቀመጠና መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። አጠገቡ አልተቀመጥኩም። ያለኝን አልረሳሁማ።

ቆይቶ «ሰኞ የምበረው በሌላኛው ሄሊኮፕተር ነው። አይተሽዋል?» አለኝ።

«ገና ነው።»

«መቼ ታዪልኛለሽ?»

«ተራህን ጠብቅ» አልኩት።

ሳቁ መጣ። እኔ አልሳቅኩም። ነገ የእረፍት ቀኔ ነው፤ ጠዋት ገብቼ አይለታለሁ። ለእሱ ግን አልነገርኩትም።