በየሁለት ሰዓቱ የሚመለስ መንገድ

ጥቅምት 4
አለቃዬ የዕረፍት ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርጎልኝ ሄደ። ስድስት ዓመት ዕረፍት ወጥቼ አላውቅም... እማዬን አልጋ ላይ ጥዬ የት እሄዳለሁ? አሁን እሷም የለችም። ከሞተች ሁለት ወሯ። ፈረምኩ። ከዚያ የጀመርኩትን ካርታ ጨረስኩ።

ጥቅምት 7
ቀያሹ የት ልትሄጂ ነው አለኝ። እንጃ። እሱ የለካውን ተራራ ሁሉ ወረቀት ላይ ስሥል ኖሬ፣ አንዱንም በእግሬ አልረገጥኩም። ሳቀብኝ። ሰው የሚጋፋበትን ፏፏቴ ተዪው ብሎ ካርታው ላይ ከወንዙ ማዶ አንድ ገደል አሳየኝ፤ ከገደሉ ወዲያ ሐይቅ አለ። ራሴ የሣልኩት ነው፣ ስም እንኳ አልወጣለትም። ካልጠፋ ቦታ! አልኩት። ግን ወረቀቱን ቤት ወሰድኩት።

ጥቅምት 9
ዛሬም አላለቀስኩም። ድንዝዝ ብያለሁ። የእማዬን አልጋ አንሶላ ቀየርኩ። ለማን?

ጥቅምት 13
ሥራ ፈት መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል... ሙሉ እሑድ ዕቅድ ስሠራ ዋልኩ። የከፍታ መስመሮቹን ቆጥሬ ዳገቱን በደቂቃ አሰላሁት። ሦስት ቀን፣ ስድስት የእግር ጉዞ። ሐይቁን ተውኩት። ራቀብኝ።

ጥቅምት 14
ታናሽ እህቴ መጣች። ዕቅዱን ሰጠኋት። አነበበችና እያንዳንዱን መስመር በጣቷ ተከተለችው።

"እትዬ፣ ሁሉም አንድ ሰዓት ሄዶ አንድ ሰዓት መመለስ ነው እኮ። ለምን?"

አየሁት። እውነቷን ነው። እማዬን በየሁለት ሰዓቱ ነበር የምናገላብጣት፣ ጀርባዋ እንዳይቆስል። ቀን አስታማሚዋ፣ ከሥራ መልስ እኔ። በዕረፍት ቀኔ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቤት ጠፍቼ አላውቅም።

"አሁን የምናገላብጠው ሰው የለም" አለች፣ ቀስ ብላ። ላጲስ አቀበለችኝ። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ጥቅምት 17
መመለሻዎቹን በላጲሱ አጠፋኋቸው። አሁን መንገዱ እስከ ሐይቁ ይሄዳል፣ ሳይመለስ በዚያው ይወጣል። ማዶ ካለው መንደር አውቶቡስ አይጠፋም ብሎኛል ቀያሹ። እህቴ ጫማዋን አዋሰችኝ። ትንሽ ይጠባል።

ጥቅምት 25
ገደሉ በካርታዬ ላይ ሁለት ጣት ነበር። ለማቋረጥ ግማሽ ቀን ፈጀ... ጉድ እኮ ነው። ልክ ሁለት ሰዓት ሲሞላኝ እግሬ በራሱ ቆመ። ወደ ኋላ ዞርኩ። ማን ሊገላበጥ? ትንሽ ቆሜ ቀጠልኩ።

ከዚያ ወዲያ ሰዓቴን ያየሁት ሐይቁ ዳር ደርሼ ነው። ስድስት ሰዓት ሄጃለሁ። ጫማዬን ሳወልቅ ተረከዜ ተልጧል። የእማዬም ተረከዝ በመጨረሻው ሳምንት እንዲህ ነበር፣ ያን ያህል እያገላበጥናት። ያምሻል ወይ ስላት "ኧረ ምንም አይለኝም" ትለኝ ነበር። አመንኳት።

እግሬን ውሃው ውስጥ ነከርኩት። አቃጠለኝ። አለቀስኩ፣ ጮክ ብዬ፣ የሚሰማ ሰው አልነበረም።

ያማል ለካ፣ እማዬ።