ማኪናዬ ዛሪማ ወንዝ መሐል

ሰኞ፣ ሰኔ 9

አልነሳም አለ። ሞተር ማስነሻውን ብረት፣ ማኖቤላውን፣ ስናዞር ዋልን፤ እኔ ሲደክመኝ የሚስቴ ወንድም ዘለቀ፣ እሱ ሲደክመው እኔ። ክንዴ ዝሏል፣ መዳፌ ተልጧል። ጣሊያን ጥሎት የሄደ አሮጌ ማኪና መሆኑን እያወቅሁ ነው የገዛሁት፤ ግን እዚህ ቦታ ይከዳኛል አላልሁም። ቦታውማ የዛሪማ ወንዝ መሐል ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው። ከአስመራ ጨው ጭነን ስንመጣ ሞተሩ ፈላ። ሾፌር ሁሉ እንደሚያደርገው ወንዙ ውስጥ አቆምሁና በጋለው ሞተር ቀዝቃዛ ውሃ ቸለስሁበት። ውስጡ አንድ ነገር ጧ አለ። ላብ ያጠመቀው በቅሎ ወዲያው ውሃ እንደማይጠጣ የበቅሎ ነጋዴ ልጅ ሆኜ እያወቅሁ።

ጨውን ተሸክመን ወደ ዳር አወጣነው። ማኪናውን ግን ማን ይሸከመዋል? የገዛሁት የአባቴን በሬዎች ሸጬ ነው፤ ሌላ ምንም የለኝም። ወሩ ሰኔ ነው። ደጋው ላይ አንድ ቀን አጥብቆ ከዘነበ ደራሽ ጎርፉ ይዞት ይሄዳል።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ቴስታታውን፣ የሞተሩን ክዳን ማለቴ ነው፣ ፈታሁት። አንዱ ብሎን አልወጣ ብሎ ግማሽ ቀን በላኝ። የፈራሁት ደረሰ፤ ከክዳኑ ሥር ውሃና ዘይቱን ለይቶ የሚይዘው ስስ መደረቢያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ አንድ ቦታ ላይ ተቃጥሎ ተበልቷል። ውሃውም ዘይቱም አንድ ላይ ሆኗል።

ዘለቀ ወደ ጎንደር በሚያልፍ ማኪና ተንጠልጥሎ ሄደ፤ አራዳ ገበያ ወርዶ አዲስ ጓርኒሲዮን ያመጣል። ባለ ስድስት ቀዳዳ ነው ብዬ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ።

ከወንዙ ዳር የሚያርሱ አያ ታከለ የሚባሉ ሽማግሌ መጥተው ማኪናውን ዞረው አዩት፤ በአባቴ በሬዎች መግዛቴንም ነገርኋቸው። “ምነው ልጄ፣ በሬ ላምጣልህና እናውጣው እንጂ” አሉኝ። እኔ ጉረኛው፣ ማኪና በበሬ ሲጎተት ሰው ምን ይላል፣ ነገ በራሱ ይወጣል አልኋቸው። ስቀው ሄዱ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ዘለቀ መጣ። ያመጣው ባለ አራት ቀዳዳ ነው። ባለ ሱቁ ያው ነው ብሎት። ለእህቱ ስል ተውሁት እንጂ እጄ ተነስቶ ነበር።

ከአሮጌ ቁርበት ቆርጬ ሞከርሁ። ቴስታታውን መልሼ አሰርሁ፣ አዞርን፣ ሞተሩ ሳል ሳል አለና ተነሳ። ደስታዬ አፌ ላይ ሳለ የተጠበሰ ቆዳ ሸተተኝ። ጠፋ። እንደገና መፍታት። የብሎን መፍቻውን ወረወርሁት፤ ከዚያ ውሃ ውስጥ እየዳበስሁ ስፈልገው ቆየሁ።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ውሃው ደፈረሰ። እዚህ አንድ ጠብታ የለም፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። ደጋው ላይ ዘንቧል ማለት ነው። ኩራቴን ጥዬ ወደ አያ ታከለ ቤት ሮጥሁ።

“በሬ ሸጠህ በሬ ፍለጋ መጣህ?” አሉኝ። ፊቴን ሲያዩ ግን አዘኑልኝ። “ጀንበሯ ጠለቀች እኮ ልጄ። ሚካኤል ገባ፤ ነገ ዓመታዊ በዓሉ ነው። በሚካኤል በሬ ጠምጄ አዝመራዬን በረዶ ላስመታ?”

ትናንት እሺ ብል ኖሮ። ትናንት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ውሃው የጎማውን እኩሌታ አልፏል። ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ፤ ጸለይሁ ለማለት አፍራለሁ፣ ሚካኤልን ተጣላሁት። በዓልህ በነገው ቢሆን ምን ነበረበት አልሁት።

ታቦቱ እንደገባ የደብሩ አለቃ አባ ወልዴ እግር ላይ ወደቅሁ። ሁሉንም ነገርኋቸው። “በሬ አይጠመድም አልን እንጂ ሰው አይጎትትም ያለ አለ?” አሉ። ሰዉ ሳቀ፤ ለካ ውሳኔ ነው።

በዓል ስለሆነ ሥራ ያለው ሰው የለም፤ ነጭ የለበሰው ሁሉ እየተከተለ ወረደ። ጠፍር ከየቤቱ መጣ። አያ ታከለ ጫፉን ከትከሻቸው አደረጉና “ሸጋ፣ ዛሬ በሬው እኔ ነኝ” አሉ። ሆ እየተባለ ተጎተተ። አንዴ ጠፍሩ ተበጥሶ ሁላችንም ጭቃ ላይ ተዘረጋን፤ የበዓል ልብሳቸው እንዳልነበረ ሆነ። ማንም አልተቆጣኝም። ጎማው ደረቅ ጠጠር ሲረግጥ ሴቶቹ እልል አሉ።

ደራሹ አመሻሽ ላይ መጣ። ዛፍ ከነሥሩ ይዞ ሲያልፍ አየሁ። ተቀምጬ አለቀስሁ።

አርብ፣ ሰኔ 13

ያን የማይረባ ባለ አራት ቀዳዳ እንቁረጠው ያለው ዘለቀ ነው። ከእሱ ላይ ቁራጭ አውጥተን የአሮጌው ጓርኒሲዮን የተቃጠለው ቦታ ላይ ደረብን፤ ዘይቱን ቀየርን፣ አሰርን። ማኖቤላውን አዞርሁ። አንዴ ምንም፣ ደግሞ ምንም፣ ከዚያ ተነሳ።

በአንድ ጎኑ ውሃ ያንጠባጥባል። ከፊታችን ሊማሊሞ አለ፤ ያ ሁሉ ጠመዝማዛ፣ ያ ሁሉ ገደል። ዘለቀ ጨውን ጭኖ ጨርሷል፤ ወደ ኋላ ብንንሸራተት ጎማው ሥር የሚወትፈውን ድንጋይ ይመርጣል።

መሪው ፊት ተቀምጬ ነው የምጽፈው፤ ፊደሉ የሚንዘፈዘፈው በሞተሩ ነው። ዘለቀ እስክንነሳ አጥፋው፣ ቤንዚን ትጨርሳለህ ይለኛል። አላጠፋውም። ሁለተኛ መነሳቱን ማን ያውቃል።